ሐረር ላይ መርፌው አያዘነብልም፦ የማግኔት መስክን በትምህርት ቤት ስለ መረዳት የተደረገ ዳሰሳ

አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ በማግኔት ዙሪያ ያለውን መስክ እንዲሥል ቢታዘዝ እጁ አይዘገይም። ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ በአንዱ ጫፍ ሰሜን፣ በሌላው ደቡብ ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ከሰሜን ወጥተው ወደ ደቡብ የሚገቡ ቅስቶችን ከላይና ከታች አመጣጥኖ ያሰምራል። ቀስቶቹንም አይረሳም። ሥዕሉ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ነው። በሁለት ቅስቶች መካከል ባዶ በተተወው ወረቀት ላይ ኮምፓስ ብናኖር መርፌው ወዴት ይዞራል? ቅስቶቹ ማግኔቱ ጋ ሲደርሱ ምን ይሆናሉ? ማግኔቱን ከወረቀቱ አንሥተን በአየር ላይ ብንይዘው ከፊቱና ከኋላው ያለው ቦታስ? እዚህ ላይ ብዙው ተማሪ ዝም ይላል። «መስመር ከሌለ ኃይል የለም» የሚልም አይጠፋም።

በዚህ ዳሰሳ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው። መስክ መጀመሪያ በመርፌ ተፈትሾ ኋላ በመስመር ሊሣል ይገባዋል፤ እኛ ግን መስመሩን እናስቀድምና መርፌውን ብዙ ጊዜ ጭራሹን እንተወዋለን። ጉዳዩን ለማየት ሐረርን፣ ከሐረርም የሸዋ በርን አካባቢ መርጫለሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው ሰማዩና ምድሩ ነው፤ ሐረር የመሬት ማግኔት መስክ ከምድር ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ በሚያልፍበት ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። ሁለተኛው ገበያው ነው፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ በሚሉት በዚህ ምዕራባዊ የጀጎል ግንብ በር ዙሪያ ቆርቆሮና ቁራጭ ብረት ቀጥቅጠው ዕቃ የሚያወጡ ባለሙያዎች ይሠራሉ። ለማግኔት ትምህርት የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ያለ ገበያ ላይ አለ።

ሥርዓተ ትምህርቱን አስቀድመን እንይ። ተማሪው ማግኔትን በታችኛዎቹ ክፍሎች ይተዋወቀዋል፤ በወጉ የሚማረው ግን ዐሥረኛ ክፍል ነው። በአዲሱ የዐሥረኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ ምዕራፍ አምስት በሙሉ ለማግኔት የተሰጠ ነው፤ ቀደም ባለው መጽሐፍ ደግሞ ምዕራፍ አራት ኤሌክትሮማግኔቲዝም ይባል ነበር። የአዲሱ መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ ስለ ቬክተር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ የተማረ የሐረር ልጅ የመስክን ነገር የሚገናኘው በባዕድ ቋንቋ ነው። መስክ በየትኛውም ቋንቋ ከባድ ሐሳብ ነው። አይታይም፣ አይጨበጥም፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ መጠንም አቅጣጫም አለው። ሐሳቡ ሲከብድ ቋንቋውም ሲከብድ ተማሪው የሚይዘው የሚታየውን ነገር፣ ማለትም ሥዕሉን ነው። በዚህ አልፈርድበትም።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው፣ በልማድ ፕላዝማ የሚባለው የሳተላይት ትምህርትም ነገሩን በሌላ በኩል አጠናከረው። ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ የብረት ብናኝ በማግኔት ዙሪያ ሲሰለፍ በስክሪን ማየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ስክሪኑ ግን ጠፍጣፋ ነው። ብናኙን ራሱ ያልነሰነሰ፣ ወረቀቱን ራሱ ያላንኳኳ ልጅ ያየው ሌላ ሥዕል ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል።

ሥዕሉ እንዴት እንደ ተወለደ ማወቅ ይጠቅማል፤ ታሪኩ የትምህርቱ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1269 ፔትሩስ ፔሬግሪኑስ የተባለ ፈረንሳዊ የማግኔት ድንጋይን ክብ አድርጎ ሞረደና ትንሽ መርፌ በላዩ እያኖረ መርፌዋ በተጋደመችበት አቅጣጫ መስመር አሰመረ። መስመሮቹ በሁለት ነጥቦች ላይ ተገናኙ፤ ዋልታ የሚለውን ስም የሰጣቸው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1600 ዊልያም ጊልበርት በዚያው መንገድ ሄዶ ምድር ራሷ ማግኔት ናት ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ ስትዞር አየ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማይክል ፋራዴይ የኃይል መስመር የሚለውን ሐሳብ ያጎለበተው። የመጽሐፍ ጠራዥ ሠልጣኝ የነበረው ፋራዴይ በሒሳብ ያልሠለጠነ ሰው ነበር፤ የብረት ብናኝ ግን ዕድሜውን ሙሉ ነስንሷል። ማክስዌል ወደ ሒሳብ የለወጠው ያንን ነው። መርፌ፣ ከመርፌ መስመር፣ ከመስመር ቀመር፦ የስድስት መቶ ዓመት ገደማ ጉዞ ነው። እኛ በአንድ ሳምንት ክፍለ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ሰው ዘልዬአለሁ፤ ለሐረር ከሁሉም የሚቀርበው እርሱ ስለሆነ ለብቻው ላቆየው ብዬ ነው። ሮበርት ኖርማን በለንደን ኮምፓስ ሠሪ ነበር። መርፌውን በጥንቃቄ ሚዛኑን ጠብቆ ይሰቅለዋል፤ ማግኔት ሲያደርገው ግን ሰሜናዊ ጫፉ ወደ ታች ይደፋል። ኖርማን መጀመሪያ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ጫፉን ይከረክም ነበር፤ በመጨረሻ ግን ድፋቱን ለካው፤ 71 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ የመሬት መስክ ለንደን ላይ ወደ መሬት ሆድ ዘልቆ እንደሚገባ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር አሳየ። ዛሬ በዚያው በለንደን ዝንባሌው 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ኖርማን ኮምፓስ ሠሪነቱን በዛሬዋ ሐረር ቢይዝ ኖሮ ይህን ባላገኘው ነበር። እዚህ መርፌው ዝም ብሎ ይጋደማል፤ ዝንባሌ ቢኖር አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የመሬት መስክ በደቡብ ዋልታ አካባቢ ከምድር ይወጣል፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ይገባል፤ በመካከሉ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚያልፍበት መስመር አለ። የማግኔት ወገብ ይሉታል። ከጂኦግራፊው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም፤ በደቡብ አሜሪካ ወደ ደቡብ ወርዶ በፔሩ ያልፋል፣ በአፍሪካ ወደ ሰሜን ወጥቶ በኢትዮጵያ ያቋርጣል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን፣ ሐረር ከ9 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብላ ስለሚገኙ ሁለቱም በዚህ ወገብ ላይ ወይም ጥግ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ለክፍል የሚሆኑ ብዙ ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ የመሬት መስክ ጠቅላላ መጠን እዚህ 36 ሺህ ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን ለንደን ላይ 49 ሺህ ያህል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ተማሪው «ስለዚህ ኮምፓስ ለንደን ላይ ይበረታል» ቢል አይገርምም፤ ግን ተሳሳተ። የለንደኑ መስክ አብዛኛው ወደ ታች ስለሚያመለክት መርፌውን በአግድም የሚያዞረው ክፍል 20 ሺህ ብቻ ነው፤ የሐረሩ ግን ሁሉም በአግድም ነው። ስለዚህ የሐረር ኮምፓስ ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ጉልበት ወደ ሰሜን ይሳባል። ቬክተርን በምዕራፍ አንድ ተምሮ በምዕራፍ አምስት እንዲህ ያለ ጥያቄ ያላጋጠመው ተማሪ ቬክተር ለምን እንደ ተማረ አያውቅም።

ሌላው ለእጅ የቀረበ ነው። የኮምፓስ ፋብሪካዎች ለየዓለሙ ቀጠና መርፌያቸውን ያመዛዝናሉ። ለሰሜን አውሮፓ የተሠራው ሰሜናዊ ጫፉ እንዳይደፋ በደቡባዊው ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት አለው። ያንን ኮምፓስ ሐረር ብታመጡት ወደ ታች የሚስብ መስክ ስለሌለ ክብደቱ ብቻውን ይቀራል፤ ደቡባዊው ጫፍ ይወርድና ወለሉን ይነካል። መምህሩ ይህን ሲያይ ኮምፓሱ ተበላሽቷል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ያልተበላሸ ዕቃ ነው፤ እንዲያውም ስለ መስክ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው።

የአገራችን የማግኔት ምርምር የተጀመረው በዚሁ ወገብ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ በዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቋመ። መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክን ያሳተሙት እርሳቸው ናቸው። ጣቢያው ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። ብዙ ሰው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲሰማ ያስታውሰዋል፤ መጀመሪያ የተፈለገው ግን ለማግኔት መስኩ ነበር።

ለምን ተፈለገ? ቀን ቀን ከማግኔት ወገብ በላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ፀሐይ የዚያን ከፍታ አየር ወደ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ትለውጠዋለች፤ መስኩ ጠፍጣፋ ሆኖ መጋደሙ ደግሞ ጅረቱን ከወገቡ ግራና ቀኝ ጥቂት ዲግሪ በሆነ ጠባብ መቀነት ውስጥ ያጠናክረዋል። በፔሩ ሁዋንካዮ ጣቢያ ምልክቱ ከታየ በኋላ፣ ሲድኒ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1951 የወገብ ኤሌክትሮጄት የሚል ስም አወጣለት። አዲስ አበባ ላይ የተተከለ መሣሪያ እኩለ ቀን ሲቃረብ መስኩ በብዙ አሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶ ናኖቴስላ ሲጨምር ይመዘግባል።

ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። የዐሥረኛ ክፍሉ መጽሐፍ ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ ስላለው መስክ ያስተምራል፤ የቀኝ እጅን ሕግም ይሰጣል። ልምምዱ ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ የተሣለ ክብና ነጥብ ነው። የሐረር ልጅ ግን ከራሱ ላይ በሰማይ የሚያልፍ ጅረት አለው። አውራ ጣቱን ወደ ኤረር በር፣ ወደ ፀሐይ መውጫ ያድርግ፤ ጣቶቹ ከጅረቱ በታች ባለው ቦታ ወዴት ያመለክታሉ? ወደ ሰሜን። የመሬት መስክም ወደ ሰሜን ስለሆነ ሁለቱ ይደመራሉ፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ መስኩ ይጨምራል። አንድ ሕግ፣ አንድ ድምር፤ መልሱ አራት ኪሎ በየቀኑ ይመዘገባል። ከዚህ የተሻለ የክፍል ጥያቄ አላውቅም።

ነገሩ በአዲስ አበባ አልቆመም። ኢትዮጵያዊው የሕዋ ፊዚክስ ተመራማሪ እንዳወቀ ይዘንጋው አምበር የተባለውን በአፍሪካ የተዘረጋ የማግኔት መለኪያ መረብ መርቷል፤ ከጣቢያዎቹ አንዱ አዲግራት ነው። ዘዴው ብልህ ነው። አዲስ አበባ በወገቡ ጥግ ናት፤ አዲግራት ከ14 ዲግሪ ሰሜን በላይ ስለሆነች ከመቀነቱ ውጭ ናት። የሁለቱ ንባብ ሲቀናነስ የጋራው ይጠፋና የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ብቻ ይቀራል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የነበሩት የሕዋ ፊዚክስ ምሁሩ ባይሌ ዳምጤ በዚሁ የምርምር ዘርፍ ይታወቃሉ። የዓለም ተመራማሪ የሚመኘው ቦታ ላይ ተቀምጦ ማግኔትን ከሌላ አገር ሥዕል መማር ያስቆጫል፤ እኔን ያስቆጨኛል።

አሁን ወደ ተማሪው አእምሮ እንመለስ። ስለ መስክ አረዳድ የተደረጉ ጥናቶች ከስዊድን እስከ አሜሪካ ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የስዊድን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ መስክ መስመር ሲፈተኑ፣ መስመሮች እርስ በርስ ሲቆራረጡ ወይም በሹል ማዕዘን ሲታጠፉ ስሕተቱን ያላዩ ብዙ ነበሩ፤ ለእነርሱ መስመሩ እንደ ሽቦ የቆመ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመና በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች የወሰዱት የኤሌክትሪክና ማግኔት መመዘኛ ደግሞ፣ ብዙዎች የማግኔትን ዋልታ ከኤሌክትሪክ ሙል ጋር እንደሚያደባልቁ አሳየ። ቆሞ ያለን ሙል የማግኔት መስክ ይገፋዋል ይላሉ፤ ካልተንቀሳቀሰ ግን መስኩ ምንም አያደርገውም። እነዚህ ተማሪዎች ቤተ ሙከራ ያላቸው ነበሩ። የዕቃ እጥረት ብቻውን ችግሩን እንደማይገልጸው ከዚህ ይታያል።

የስሕተቶቹ ሥር እኔ እንደማየው አንድ ነው፤ ሥዕሉን እንደ ነገሩ መውሰድ። የመስክ መስመር በተራራማ አገር ካርታ ላይ እንዳለ የከፍታ መስመር ነው። በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል መሬት የለም የሚል የለም፤ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ዳገቱ ይበረታል። የማግኔቱም መስመሮች ሲቀራረቡ መስኩ ይበረታል፤ ስንት መስመር ይሣል የሚለው የሣዩ ምርጫ ነው። የብረት ብናኙም ያሳስታል። እያንዳንዱ ብናኝ ራሱ ትንሽ ማግኔት ይሆንና ጎረቤቱን ይይዛል፤ ሰንሰለት ይሠራል፤ በሰንሰለቶቹ መካከል ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ የብናኙ ጠባይ ነው፤ መስኩ አልተቋረጠም። ደግሞም መስመሮቹ ዋልታው ላይ አይጀምሩም፣ አያልቁም። በማግኔቱ ሆድ ከደቡብ ወደ ሰሜን አልፈው ይዘጋሉ። ማግኔትን ለሁለት ብንሰብረው ሁለት ማግኔት የምናገኘው ለዚህ ነው።

በሸዋ በር ዙሪያ የሚገኘው ቁሳቁስ እነዚህን ስሕተቶች በሙሉ የሚፈትን ነው። የተበላሸ ራዲዮ ወይም ቴፕ ስፒከር ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለበት ማግኔት፣ ከብረት ሽፋኑ ከተላቀቀ፣ ለአስተማሪ ወርቅ ነው። ተማሪው የሚያውቀው ዱላ ማግኔት ዋልታዎቹ በጫፎቹ ላይ ናቸው። የቀለበቱ ዋልታዎች ግን በሁለቱ ጠፍጣፋ ፊቶቹ ላይ ናቸው፤ የተሸመደደው ሥዕል እዚህ አይረዳም። ቀለበቱን በጠርዙ አቁሙትና ኮምፓስ በጠረጴዛው ላይ ከሩቅ ወደ ቀዳዳው መሐል ቀስ እያላችሁ አቅርቡ፤ የኮምፓሱ ከፍታ ከቀዳዳው ጋር እንዲስተካከል ከሥሩ ደብተር ይደርደር። መጀመሪያ መርፌው ወደ አንድ አቅጣጫ ጸንቶ ይቆማል። ወደ ቀዳዳው ሲጠጋ ይወላውላል፤ ከዚያ ተገልብጦ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው መስክ ከውጭው ተቃራኒ ስለሆነ በመካከል ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ አለ። ይህን ያየ ልጅ «መስክ በየነጥቡ አቅጣጫ አለው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መሸምደድ አያስፈልገውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ጠንካራ ማግኔት የኮምፓስን መርፌ ዋልታ ሊገለብጥ ይችላልና ከሙከራው በኋላ ሰሜኑን አረጋግጡ።

ብናኙ ከብየዳ ቤት ወለል ይጠረጋል። በብዙ ወንዝ ዳር ያለ ጥቁር አሸዋም በላስቲክ በተጠቀለለ ማግኔት ሲዳሰስ የብረት ማዕድኑን ይሰጣል። አሉሚኒየም ድስት፣ የመዳብ ሽቦና የብረት ቁራጭ ከአንድ መደብ ላይ ሲፈተኑ «ማግኔት ብረታ ብረትን ሁሉ ይስባል» የሚለው እምነት በደቂቃ ይወድቃል። ቁራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች ብረቱን ከአሉሚኒየሙ የሚለዩት በዚሁ ነው። የልብስ ስፌት መርፌን በማግኔት በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ አሽቶ በቡሽ ቁራጭ ላይ ሳህን ውኃ ውስጥ ማንሳፈፍ ደግሞ ኮምፓስ ያስገኛል፤ ከዚያም በላይ የኖርማንን ሁለተኛ ግኝት ያሳያል። መርፌው ይዞራል፣ ወደ ሰሜን ግን አይጓዝም። የመሬት መስክ በሳህኑ ስፋት ላይ ወጥ ስለሆነ ሁለቱን ጫፎች እኩል በተቃራኒ ይስባቸዋል። «ሰሜን ዋልታ መርፌውን ወደ ራሱ ይስበዋል» ብሎ የሚያስብ ተማሪ ሳህኑን ዐይቶ እንደገና ያስባል።

ከሁሉም የምወደው ሙከራ የገለልተኛ ነጥብ ፍለጋ ነው። ዱላ ማግኔቱን ሰሜናዊ ጫፉ ወደ ሰሜን እንዲያመለክት በወረቀት ላይ አስተኙት። ከጎኑ፣ በምሥራቅና በምዕራብ፣ የማግኔቱ መስክ ወደ ደቡብ ነው፤ የመሬት መስክ ወደ ሰሜን ነው። የሆነ ርቀት ላይ ይጣፋሉ፤ መርፌው ጌታ አጥቶ ይወላውላል። ማግኔቱን ገልብጡት፤ ነጥቦቹ ከጎን ተነሥተው ወደ ጫፎቹ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የማግኔቱ መስክ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድ ነጥቡ በደንብ ተለይቶ ይገኛል። የማግኔቱ ብርታት አንድ አምፔር ሜትር ካሬ ቢሆን፣ በተገለበጠው አኳኋን ነጥቡ ሐረር ላይ ከመሐሉ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያንኑ ማግኔት ለንደን ብንወስደው አግድም መስኩ ደካማ ስለሆነ ወደ 21 ወይም 22 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ተማሪው በማስመሪያ የለካው ርቀት አገሩን ይናገራል። ምዕራፍ አንድና ምዕራፍ አምስት የሚገናኙትም እዚህ ነው።

በኪስ ያለው ስልክም ተረስቶ መቅረት የለበትም። ብዙው ስማርት ስልክ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ የማግኔት መለኪያ አለው፤ ካርታው ወዴት እንደዞርን የሚያውቀው በእርሱ ነው። በጀርመን የአኽን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነጻ መተግበሪያ ንባቡን በማይክሮቴስላ ያሳያል። ከብረት ርቆ ሜዳ ላይ የቆመ ተማሪ 36 አካባቢ፣ ማለትም ያንኑ 36 ሺህ ናኖቴስላ ማንበብ አለበት። ከዚያ ስልኩን ይዞ ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ፣ ከሐረር አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲ አጠገብ፣ በሸዋ በር ሥር ይለፍ፤ ቁጥሩ ሲዋዥቅ ያያል። የወገቡን የእኩለ ቀን ጭማሪ ስልኩ አይለየውም፤ እርሱ ለአራት ኪሎው መሣሪያ ይቀራል። መስክ በሦስት አቅጣጫ እንደሚዘረጋ ግን ከሦስቱ ቁጥሮች በላይ የሚያስረዳ ሥዕል የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፊዚክስ ክፍል ውጭ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ከሐረር መካ ከእውነተኛው ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። የኮምፓስ መርፌ ግን እዚህ እውነተኛውን ሰሜን ጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ይስታል፤ ወደ መካ ለመስገድ የቂብላ ኮምፓስ የያዘ ሰው ልዩነቱን ሊጨምርበት ይገባል። የስልኩ መተግበሪያ ይህን በራሱ ያርማል፤ እርማቱ የሚመጣው በየአምስት ዓመቱ ከሚታደሰው የዓለም የማግኔት ሞዴል ነው፤ ዋልታው ስለሚጓዝ ሞዴሉ ይታደሳል። አንድ የሐረር ፊዚክስ መምህር በመግነጢሳዊና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለውን ልዩነት ለማስተማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ መፈለግ የለበትም።

ሁሉንም የሚያስረው ፈተናው ነው። መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው፤ የብሔራዊ ፈተናውም ቅርጽ ምርጫ ነው። አንዳንዶች ምርጫ ፈተና ባለበት መረዳትን መለካት አይቻልም ይላሉ። አልስማማም፤ የሚጎድለው የጥያቄው ዓይነት ነው። «የማግኔት መስክ መስመር ከየት ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን ያልተረዳም ይመልሰዋል። እንዲህ ተብሎስ ቢጠየቅ? አንድ ኮምፓስ ሐረር ላይ ከዱላ ማግኔት በስተምሥራቅ ተቀምጦ መርፌው ይወላውላል፤ የማግኔቱ ሰሜናዊ ጫፍ ወዴት እያመለከተ ነው? ሀ. ወደ ሰሜን፣ ለ. ወደ ደቡብ፣ ሐ. ወደ ምሥራቅ፣ መ. ወደ ምዕራብ። አራት ምርጫ፣ አንድ መልስ፤ ለእርማት ማሽንም አይከብድም። መልሱ ሀ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ግን የማግኔቱን መስክ ከጎኑ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ አስቦ ከመሬቱ ጋር የደመረ ተማሪ ብቻ ነው።